የዶሃ ባዶ ወንበሮች ሒሳብ
ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና ያለ ተመልካች እንዴት ይካሄዳል? ኪሳራውስ የማን ነው?

ዛሬ ያልተሸጠ ጤፍ ነገ ይሸጣል። ዛሬ ገዥ ያጣ ጨርቅም ለከርሞ ገበያ ይቀመጣል። የስታዲየም ወንበር ግን መጋዘን የለውም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ያልተሸጠ ወንበር ዋጋው ዜሮ ነው። ይህንን የገበያ ሕግ በግልጽ ካሳዩት ዝግጅቶች አንዱ ከመስከረም 16 እስከ 25 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የተካሄደው 17ኛው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነው።

ውድድሩ የተካሄደበት የካሊፋ ዓለም አቀፍ ስታዲየም ከ40,000 በላይ ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ ለሻምፒዮናው ሲባል የላይኛው ክፍል ተሸፍኖ መቀመጫው ወደ 21,000 ገደማ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች የተቀነሰውም መቀመጫ ሊሞላ አልቻለም። መስከረም 18 ቀን ጃማይካዊቷ ሼሊ አን ፍሬዘር ፕራይስ የ100 ሜትሩን ፍጻሜ በ10.71 ሰከንድ ስታሸንፍና በርቀቱ አራተኛ የዓለም ሻምፒዮንነቷን ስታገኝ፣ ከፊቷ የነበረው በአብዛኛው ባዶ ወንበር ነው።

ለገበያ የቀረበው ዕቃ መጥፎ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በወንዶች አሎሎ ውርወራ አንደኛው 22.91 ሜትር ሲወረውር፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል 22.90 ወርውረዋል። ወርቅን ከነሐስ የለየው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ዕቃው ጥራት ሳይሆን ስለ ገዥው ነው።

ገዥው ለምን አልመጣም?

የመጀመሪያው ምክንያት ሰዓቱ ነው። የሴቶች 100 ሜትር ፍጻሜ የተካሄደው በዶሃ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ለንደን ላይ ያን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ቢል ነው፤ ቴሌቪዥን በብዛት በሚታይበት ሰዓት ማለት ነው። ዕለቱ እሑድ ሲሆን በኳታር እሑድም ሰኞም የሥራ ቀን ነው። በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው ልጆቹን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ስታዲየም ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። ሻምፒዮናው እንደ ልማዱ በነሐሴ ሊካሄድ ባለመቻሉ ወደ መስከረም ተገፋ። በዚያ ወቅት የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፣ የዕረፍት ጊዜውም አልቋል። ስታዲየሙ በማቀዝቀዣ ቢታገዝም ከበር ውጭ ያለው ሙቀት ያው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በተጀመረው የሴቶች ማራቶን ከ68ቱ ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠዋል፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ።

ሦስተኛው የጎረቤት ገበያ መዘጋት ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ባህሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ግንኙነታቸውን አቋርጠው ስለነበር በየብስም ሆነ በአየር ከአቅራቢያ ሊመጣ የሚችለው ተመልካች ቀረ። ግንኙነቱ የታደሰው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነው። በወቅቱ አገር ውስጥ የነበረው ሕዝብ ደግሞ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ለሥራ የመጣ የውጭ ሰው ነበር።

ገንዘቡ ከየት ነው?

አንድ ነጋዴ ይህን ሁሉ አስቀድሞ እያየ ገበያ አይወጣም። ሻምፒዮናው ለምን ወጣ ቢባል፣ መልሱ ዋናው ከፋይ ተመልካቹ አለመሆኑ ነው። ያኔ አይኤኤኤፍ ይባል የነበረው የዓለም አትሌቲክስ አካል ገቢው በአብዛኛው ከቴሌቪዥን መብትና ከስፖንሰር ነው። አዘጋጅ ከተማ ደግሞ የመሰናዶውን ወጪ ይሸከማል። ዶሃ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የአሜሪካዋን ኤውጂን 15 ለ12 በሆነ ድምፅ ስታሸንፍ፣ በስፖንሰርነት፣ በቴሌቪዥን ውልና በመሮጫ መም ግንባታ መልክ ወደ 37 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ማቅረቧ በወቅቱ ተዘግቧል። በሌላ አነጋገር ሻጩ ሒሳቡን የዘጋው የመጀመሪያው ትኬት ከመሸጡ ከዓመታት በፊት ነው።

የአትሌቶቹም ሽልማት በትኬት ሽያጭ አልተወሰነም። ለወርቅ 60,000፣ ለብር 30,000፣ ለነሐስ 20,000 ዶላር ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም የሚከፈል ነበር።

ወንበሩን የሞሉት

ሙክታር ኢድሪስ በ5,000 ሜትር ወርቅ፣ ሰለሞን ባረጋ ብር ሲያገኙ ስታዲየሙን ያደመቁት በአብዛኛው ኳታር ውስጥ ሠርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ኬንያውያንም እንዲሁ። እነዚህ ደንበኞች የአውሮፕላንም ሆነ የሆቴል ወጪ የለባቸውም፤ የሚያውቁትንና የሚወዱትን ሯጭ ለማየት የሚመጡ የደጃፍ ገዥዎች ናቸው። መስከረም 23 ቀን የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ደግሞ ኳታራዊው ሙታዝ ባርሺም በከፍታ ዝላይ 2.37 ሜትር ዘሎ ሲያሸንፍ የአገሬው ሰው ወጥቶ ታይቷል። በዚያው ምሽት ለሜቻ ግርማ የ3,000 ሜትር መሰናክል ወርቁን ያጣው በ0.01 ሰከንድ ነው።

ለሠራተኞችና ለተማሪዎች ነፃ ትኬት መታደሉም በወቅቱ ተዘግቧል። ነፃ ትኬት ወንበር ይሞላል እንጂ ገበያ አይሠራም። ዛሬ በነፃ የገባ ሰው ነገ እንዲከፍል ቢጠየቅ ይከብደዋል፤ ትናንት ገዝቶ የገባውም እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

ኪሳራው የማን ነው?

ነገሩ በበዓል ባዛር ሊመሰል ይችላል። አዘጋጁ የቦታ ኪራዩን ከነጋዴው አስቀድሞ ይሰበስባል። ሸማች ባይመጣ ለጊዜው የሚጎዳው ድንኳን የተከራየው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተከራዩ ወይ ይቀራል፣ ወይ ዋጋ ያስቀንሳል። በአትሌቲክስም ስፖንሰር ማለት ድንኳን ተከራይ ነው። ማስታወቂያው ከባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተሰቅሎ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ቀጣዩን ውል ሲፈርም ያንን ምስል ያስታውሳል። የስፖርቱ ዋጋ በቀነሰ ቁጥር ቀስ በቀስ የሚጎዳው ሯጩ ነው። በዶሃ 2 ወርቅ፣ 5 ብርና 1 ነሐስ ያገኘችው ኢትዮጵያ ደግሞ ከዚህ ገበያ ዋነኛ አቅራቢዎች አንዷ ናት።

የተመልካች ፍላጎት ጨርሶ ሞቷል እንዳይባል ከዶሃ በፊትም በኋላም ማስረጃ አለ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700,000 በላይ ትኬት ሸጣለች። ቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400,000 በላይ፣ ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ600,000 በላይ ተመልካች አስተናግደዋል። ቶኪዮ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2021 ኦሊምፒክን በወረርሽኙ ምክንያት በዝግ በር ስላካሄደች፣ ያኔ የቀረበት ነዋሪ ዕድሉን ሲያገኝ ወጥቷል።

ልዩነቱ ዶሃ የተመረጠችው በከፋዩ አቅም መሆኑ ነው፤ ለንደንና ቶኪዮ ግን ስፖርቱን የለመደ ሸማች ነበራቸው። የሚከፍለውና የሚጠቀመው ሰው በተለያየበት ንግድ ውስጥ የሚገባ ባለሀብት ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም ለየብቻ ቢቆጥር ይበጀዋል። ከፋዩ ብቻ ተቆጥሮ የተገባበት ንግድ ለአንድ ጊዜ ያተርፍ ይሆናል፤ ለሁለተኛው ዙር ግን ደንበኛ ያስፈልገዋል።