ከፎርማት በፊት ላይቭ ዲስክ

ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ቡሌ ሆራ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ የተማሪ ከተማም ሆናለች። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና ተማሪ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን መጫኑ ያለ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዊንዶውስ በቫይረስ ተጎድቶ እንደገና ሲጫን ነው፤ ላፕቶፑ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባል፣ ኡቡንቱ ከነጭራሹ የሌለ ይመስላል። አንዱ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ተሰርዞ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

«ፎርማት ይደረግ» የሚለው ምክር ወዲያው ይከተላል። የመመረቂያ ጽሑፉ ግን እዚያው ዲስክ ላይ ምንም ሳይሆን ተቀምጧል።

የተበላሸው ቡትሎደሩ ነው። ኤሪክ ቦሌይን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ግራብ ሊኑክስን ፈልጎ የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በቆዩ ኮምፒውተሮች ሥራውን የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ለማስነሻ ኮዱ የሚደርሰው 446 ባይት ብቻ ነው። ይህችን ታህል ነገር ለመመለስ የዓመታት ሥራ መደምሰስ ከባድ ጥፋት ነው።

መድኃኒቱ ላይቭ ዲስክ ነው፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል። ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ክኖፒክስ በሰፊው የታወቀው ይህ ስልት ሙሉ ሊኑክስን ከፍላሹ ያስነሳል፤ ካልታዘዘ በቀር የላፕቶፑን ዲስክ አይነካም። ኡቡንቱ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀው ሁሉ እንዲህ ያለ ሲዲ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር።

ጥገናው እንዲህ ነው። ከፍላሹ ተነስቶ «ኡቡንቱን ሞክር» የሚለው ይመረጣል፤ ተርሚናል ተከፍቶ የኡቡንቱ ፓርቲሽን የትኛው እንደሆነ በጥንቃቄ ይለያል። ፓርቲሽኑ «ማውንት» ይደረግና የላይቩ ሲስተም መሣሪያዎች ይያያዙለታል። ከዚያ በ«ሲኤችሩት» ወደ ተኛው ኡቡንቱ ይገባል፤ ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ትዕዛዝ ሁሉ የሚፈጸመው በራሱ በኡቡንቱው ላይ ነው። «ግራብ ኢንስቶል» ቡትሎደሩን መልሶ ይተክላል፣ «አፕዴት ግራብ» ዝርዝሩን ያድሳል። በቆዩ ኮምፒውተሮች ግራብ የሚጫነው በዲስኩ እንጂ በፓርቲሽኑ ላይ አይደለም። ዩኢኤፍአይ የተባለው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት ያላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ለማስነሻ የተለየችው ትንሽ ፓርቲሽን አብራ መያያዝ አለባት፤ ፍላሹም በዚያው በዩኢኤፍአይ መንገድ መነሳት ይኖርበታል።

ኡቡንቱ ተመልሶ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ቢጠፋ መደንገጥ አያስፈልግም። ከግራብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው «ኦኤስ ፕሮበር» በነባሪው ዝግ ነው፤ በግራብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ተፈቅዶለት ዝርዝሩ ዳግም ሲታደስ ዊንዶውስም ይመጣል።

ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየተንቋቋ ከሆነ ግን ግራብን መንካት ይቆይ። ያው ላይቭ ፍላሽ መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ለመገልበጥ ይዋል።