ቅጠሉ ከሰቆጣ፣ ቀሚሱ ከሽሮ ሜዳ
የሻደይ ስድስት ቀናት ለዋግ ወጣቶች ምን ያተርፋሉ?

ነሐሴ 16 ቀን ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ሒሳቡን በሁለት መደብ መያዝ ይኖርበታል። አንደኛው የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው የሚሰጠው ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ቅዳሴው እንዳበቃ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረዥም ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ አንግተው፣ በቡድን በቡድን ከደጁ ይደርሳሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ በዞሩ ቁጥር ቅጠሉ ከወገባቸው ሥር ይዘናፈላል። ባለሱቁ በግጥም ከተወደሰ በኋላ ኪሱን ሳይዳብስ ወደ ውስጥ ቢመለስ ነውር ነው።

ይህ ትእይንት ለባህል ሰው ጨዋታ ነው። የገበያ ሰው ግን ሌላም ነገር ያይበታል። አገልግሎት ቀርቧል፣ ገንዘብ ተከፍሏል፣ የተከፈለውም ለአባላት ተከፋፍሏል። ልዩነቱ ዋጋውን የሚተምነው ይሉኝታ መሆኑ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ የተሰበሰበው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ወይም ለጋራ ድግስ ይውል እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ከፊሉ ለደብተርና ለዩኒፎርም ይውላል፤ ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታልና።

ስለዚህ ለዋግ ኽምራ ወጣቶች በተለይም ለልጃገረዶቹ ሻደይ በዓል ብቻ ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ የገቢ ወቅትም ነው። ጥያቄው ከዚህ ወቅት የሚገኘው ገንዘብ ምን ያህሉ እዚያው ይቀራል፣ ምን ያህሉስ በመጣበት መኪና ይመለሳል የሚለው ነው።

የስድስት ቀን ገበያ

በዓሉ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ይከበራል። በዋግ ሻደይ የሚባለው በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ አካባቢ ሶለል፣ በትግራይ ደግሞ አሸንዳ ይባላል። ስሙ ቢለያይም ሁሉም ከፍልሰታ ፍቺ ጋር የተያያዘ የልጃገረዶች ጨዋታ ነው። በነዚህ ቀናት ከቤት ሥራ ያረፈች ልጅ እንደልቧ ብትወጣና ብትጫወት የሚቆጣት የለም።

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሕዝብ 426 ሺህ ያህል፣ የሰቆጣ ከተማ ነዋሪ ደግሞ ከ22 ሺህ በላይ ነበር። ከተማዋ ለንግድ እንግዳ አይደለችም። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ከአፋር ምድር የሚወጣው ጨው በሰሜን በኩል አልፎ ወደ መሀል አገር ሲዘልቅ ከታወቁት መናኸሪያዎቹ አንዷ ሰቆጣ ነበረች። የዋግ ሹሞች መቀመጫም ነበረች፤ ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ከዚሁ ምድር ተነሥተው ነው።

ሆኖም ነሐሴ ለዋግ ገበሬ የከፋ ወር ነው። የዓምናው እህል ጎተራ ውስጥ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። የእህል ዋጋ ሲወጣ የበግና የፍየል ዋጋ አብሮ ላይወጣ ይችላል። ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ በሚያጥርበት በዚህ ወር ሴት ልጁን ማልበስና ማስጌጥ ይጠበቅበታል። የሻደይ ገበያ የሚቆመው በዚህ ችግርና በዚህ ደስታ መካከል ነው።

ማን ምን ያገኛል?

አንዲት ልጃገረድ ለበዓሉ ስትዘጋጅ የምትፈልገው ብዙ ነው። ጥልፍ ቀሚስ፣ መቀነት፣ ነጠላ፣ ድሪ፣ መስቀል፣ አምባር፣ አልቦ፣ ኩል፣ ለሹሩባው ቅቤ፣ ለሠሪዋ ደግሞ ዋጋዋ። ቅጠሉ በነፃ ከመስክ ይታጨዳል። ቅቤው ከአካባቢው ገበያ ይገዛል። የሹሩባው ገንዘብ እዚያው ሰፈር ይቀራል። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን ቀሚሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዛት ከሽሮ ሜዳ፣ ከጎንደርና ከመርካቶ ተጭኖ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሽመናና ጥልፍ መስሎ በፋብሪካ የታተመ የውጭ ጨርቅ የአገር ልብስ ገበያውን ተሻምቷል። ከእጅ ሥራው ይልቅ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ልጅ የበዛበት ቤት ይመርጠዋል። ይሁን እንጂ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ጨርቅ በዚያው መጠን ሲወደድ የአገር ውስጥ ሸማኔና ጥልፍ ሠሪ እንደገና ለመወዳደር ዕድል ያገኛል። ዕድሉ የሚጠቅመው ግን ክርና ሸማ በእጁ ላለው ነው። ሰቆጣ ላይ ያለች ጥልፍ የምታውቅ ወጣት በሰኔ ወር ክር የምትገዛበት ገንዘብ ከሌላት በነሐሴ የምትሸጠው ቀሚስ አይኖራትም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ እንጂ የተቆጠረ አይደለም። አሥር ልጃገረዶች ያሉበት ቡድን በስድስቱ ቀን 12,000 ብር ሰበሰበ እንበል፤ ለአንዷ 1,200 ብር ይደርሳታል። ቀሚሱ 2,000 ብር ከሆነ የቡድኑ የልብስ ወጪ 20,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ከተማው ለልጆቹ የሰጠው 12,000 ብር፣ ከዚያም በላይ 8,000 ብር ከወላጅ ኪስ ተጨምሮበት፣ ከከተማው ወጥቷል። ከቀሚሶቹ ግማሾቹ እንኳ ሰቆጣ ቢጠለፉ ግን 10,000 ብሩ ክር ከገዛ በኋላ የቀረው ለጠላፊዎቹ የእጅ ዋጋ ይሆን ነበር። አብዛኞቹ ጠላፊዎች ደግሞ እነዚያው ልጃገረዶች ወይም ታላላቅ እህቶቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ዜማውስ የማን ነው?

ከቀሚሱ ይልቅ ዋጋው ለመተመን የሚያስቸግረው ዜማው ነው። ዋግ በቀድሞው አስተዳደር የወሎ አንድ አውራጃ ነበር። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ትዝታና አንቺ ሆዬም ከዚያው ምድር ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። አዲስ አበባ ላይ በካሴት ዘመን የነበረው የሙዚቃ ንግድ በነዚህ ቅኝቶች ብዙ አትርፏል።

የዚህ አካባቢ ስም ከዘፈን ጋር ተያይዞ ዓለምን የዞረበት ሌላም ጊዜ አለ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም የእንግሊዙ ቢቢሲ ከዋግ ጎረቤት ከኮረም ያስተላለፈው የረሀብ ዘገባ የእንግሊዝ ሙዚቀኞችን ባንድ ኤይድ በሚል ስም አሰባስቦ በኅዳር ወር ዘፈን አስወጣ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። ከ2 ዓመት ግድም በኋላ ኢትዮጵያ “ሕዝብ ለሕዝብ” በተባለው የኪነት ጉዞ ለእርዳታው ምስጋና አቀረበች። ያ ገንዘብ ብዙ ሕይወት ለማዳን ረድቷል። ነገር ግን ስለ ረሀብተኛው የተዘፈነው ዘፈን ገበያ ሲያገኝ የራሱ የረሀብተኛው ዜማ ገበያ አላገኘም። ከ40 ዓመት በኋላ የዋግ ወጣት ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ በእርዳታ መዝገብ የታወቀ ስም በንግድ መዝገብ ሊታወቅ የሚችለው እንዴት ነው?

ሕጉ የለም አይባልም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ፣ ለከዋኝና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅ መብት ይሰጣል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። ችግሩ ሻደይ ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ መሆኑ ነው። አንድ የከተማ ዘፋኝ ዜማውን ወስዶ በኪቦርድ ቢያቀናብረው ቅንብሩ የእሱ ይሆናል። ነሐሴ 16 ቀን ከባለሱቁ ደጅ የቆመችው ልጅ ግን ሮያሊቲ ለእሷ “ላም አለኝ በሰማይ” ነው።

መፍትሔው ግን ከእጅ አልራቀም። ዜማው የሁሉም ቢሆን ቀረጻው የቀራጩ ነው። የሰቆጣ ልጃገረዶች በማኅበር ተደራጅተው በኽምጠኛና በአማርኛ የሚጫወቱትን ራሳቸው ቢቀርጹ፣ የከዋኝነትና የቀረጻ መብቱ የእነሱ ይሆናል። ዛሬ ይህን ለማድረግ የካሴት ማባዣና የመርካቶ አከፋፋይ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። በዩቲዩብ የሚገኘው ገንዘብ በተመልካች ብዛት የሚወሰን ስለሆነ ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነሐሴ ሲደርስ የአገሩን ጨዋታ መፈለጉ ግን አይቀርም።

ከሩጫው የሚወሰድ ትምህርት

በዓልን ወደ ገበያ ለመለወጥ አገር ውስጥ የተፈተነ ምሳሌ አለ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም በ10,000 ተሳታፊዎች ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። በኋላ የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 ያለፈባቸው ዓመታት አሉ። የንግድ ምስጢሩ ቀላል ነው። ሯጩ የሚገዛው ካናቴራ መግቢያም፣ ማስታወሻም፣ የስፖንሰር ማስታወቂያም ነው። በየዓመቱ ቀኑ ስለሚታወቅ ሆቴሉም፣ አታሚውም፣ አየር መንገዱም አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ሻደይም ቀኑ የታወቀ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ለጎዳና ሩጫ የሚያንስ ነገር የላትም። ከዚህም ሌላ ነሐሴ ለላሊበላ ሆቴሎች የገናና የጥምቀት እንግዳ የማይኖርበት ቀዝቃዛ ወቅት ነው። አልጋው ባዶ ከሚያድር በቅናሽ ዋጋ ለሻደይ ተመልካች ቢከራይ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። በመንገዱ ላይ ሰቆጣ አቅራቢያ ያለው ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዋግ ማር አለ። የተከዜ ግድብ ዓሣ አለ። እንግዳው ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ነገር አይጠፋም።

ገንዘቡና ስጋቱ

መነሻ ገንዘብን በተመለከተ በ2009 ዓ.ም መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሟል። በክልሉ ብዙ ገጠር ያዳረሰው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ሆኗል። ነገር ግን ስድስት ቀን ብቻ የሚሸጥ ሥራ ለአበዳሪ አይጥምም። ብድሩ የሚመለሰው በየወሩ ሲሆን ሻደይ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ጥልፉ ለመስከረም ዘመን መለወጫ፣ ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለሠርግ ወቅት እንዲሸጥ ካልታቀደ፣ የብድር አከፋፈሉም ከበዓል ወቅቶች ጋር ካልተጣጣመ፣ ወጣቷን ዕዳ ውስጥ ከመክተት አያልፍም።

ስጋቱም ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣን ደርሶባታል። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ወገኖች ከተማዋ ውስጥ ተጠልለው ከርመዋል። በ2016 ዓ.ም ድርቅ ዞኑን መትቷል። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገደኛንና ጫኝን አስፈርቷል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” መባሉ የከተማዋ ስም ከምን ጋር ተያይዞ እንደሚነሣ ያሳያል።

ለባለሀብቱ የሚቀርበው ጥያቄ ታዲያ ፋብሪካ ትከል የሚል አይደለም። በግንቦት ወር ለሰቆጣ ጥልፍ ሠሪዎች ማኅበር ሸማና ክር በዱቤ መላክ፣ በሐምሌ መጨረሻ የተጠለፈውን መረከብ፣ የተረፈውን ለመስቀል ገበያ አዲስ አበባ ማውረድ ማንኛውም የሽሮ ሜዳ ነጋዴ የሚያውቀው ሥራ ነው። አደጋ ቢመጣ የሚጠፋው አንድ ጭነት ነው። ቢሳካ ደግሞ ደላላው የሚያገኘው በየዓመቱ ቀኑን የማያዛባ ደንበኛ ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንዲሉ፣ ዕዳውም በማኅበር ሲያዝ ይቀልላል።

ነሐሴ 21 ቀን ማታ ቅጠሉ ከወገብ ይፈታል። ከበሮው እስከ ዓመት ይሰቀላል። ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው የተሰበሰበውን ብር ቆጥረው ይካፈላሉ። በዚያች ሰዓት ለአንዷ የሚደርሳት ብር ለደብተር ብቻ የሚበቃ ነው ወይስ ለቀጣዩ ዓመት ክር የሚተርፍ? የሻደይ ትርፍ የሚለካው በዚህ ነው።