ጆሮው የሚመግል ልጅ ራሱን ሲያመው



ዶርም ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ አይጠፋም። ጥጥ ወትፎ ክላስ ይገባል፤ ለምዶታል። ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። አንዳንዴ ግን ኢንፌክሽኑ ከጆሮ በላይና ከኋላ ያለውን አጥንት አልፎ አንጎል ውስጥ መግል ይቋጥራል። ከሳይነስና ከተበላሸ ጥርስም ይነሳል፤ ከሳንባና ከልብ በደም ተጉዞም ይደርሳል።

በሽታው ተደብቆ ነው የሚመጣው። የሕክምና መጻሕፍት ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ እንዲሁም የአንድ ጎን እጅና እግር መዛል ወይም የምላስ መተሳሰር ይላሉ። ሦስቱ አብረው የሚታዩት ግን ከ100 ታማሚዎች በ20ው ገደማ ብቻ ነው። ትኩሳት እንኳ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የለም። ስለዚህ «አላተኮሰውም» ብሎ መተኛት አያዋጣም። ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ማስታገሻ ካልመለሰው፣ ትውከትና መደናገር ከተጨመረ፣ በተለይ ኖሮበት የማያውቅ መንፈራገጥ ከመጣ ያኔውኑ ሆስፒታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጁ ሲንፈራገጥ ወይም ጸባዩ ሲለወጥ አንዳንዶቻችን ቀድመን የምናስበው ጂንን ነው። ሩቅያ ይደረግለት፣ ማን ይከለክላል? መኪና ውስጥ እየሄዱም ይቀራል። መታከምን ያዘዙት ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ማጅራት ገትር ነው ተብሎ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ደግሞ፣ ቋጠሮው ግፊት ፈጥሮ ከሆነ አንጎልን ወደ ታች ሊያንሸራትት ስለሚችል አደገኛ ነው። መጀመሪያ ምስል። በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ሲነሳ ቋጠሮው ዙሪያው የበራ ቀለበት ይመስላል። ዕጢና ቲቢም ቀለበት ሊሠሩ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚለያቸው ኤምአርአይ ነው፦ መግል ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ያለው ውሃ እንደልቡ አይንቀሳቀስም፤ ማሽኑ ይህን ስለሚለካ መግሉ ደምቆ ይወጣል። (ሲቲ ስካንን የፈጠረው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሐኪም ሳይሆን ኢንጂነር ነበር፤ የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው በጣም ቀንሷል፣ አልሐምዱሊላህ።) የመጨረሻው ማረጋገጫ መግሉ ተቀድቶ ላብራቶሪ ሲገባ ነው፤ ባክቴሪያው ሲታወቅ መድኃኒቱም ይመረጣል።

ጓደኛችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ የጆሮውን ነገር እናንተ ንገሩ። እሱ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ነው የሚገባው፤ የለመደውን ጆሮ አያነሳውም።