ለዓመት በዓል የሚሰጥ ተክል

ለዓመት በዓል ወደ ዘመድ ቤት ባዶ እጅ መሄድ በሀገራችን የተለመደ አይደለም። ገጠሬው ቅቤውን ወይም ማሩን፥ ከተሜው ዳቦውን ወይም ጠጁን ይዞ ይሄዳል፤ በእንቁጣጣሽ ቀንም ልጆች አበባ ሥለው ወይም አደይ ለቅመው ለእናት ለአባት፥ ለክርስትና አባትና ለጎረቤት ያበረክታሉ። ስለዚህ አበባን ለበዓል መስጠት ከባሕር ማዶ የመጣብን ነገር ሳይሆን ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። አዲስ የሆነው የተቀጠፈውን አበባ ትቶ ከነሥሩና ከነአፈሩ ያለውን ተክል መስጠት ነው። በዓል ሲቃረብ በሐዋሳ መንገዶች ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ ቆም ብሎ የተመለከተ ሁሉ ይህ ልማድ ወደ ቤተሰባችን እየገባ መሆኑን ይረዳል።

ልማዱ መልካም ነው፤ አመራረጡ ግን ማስተዋልን ይሻል። የተቀጠፈ አበባ በአራተኛው ቀን ቢጠወልግ ማንም አያዝንም፤ ነገሩ ቀድሞ የታወቀ ነውና። ሥር ያለውን ተክል የሰጠ ሰው ግን ከስጦታው ጋር ሥራም ሰጥቷል። ጉልበታቸው የደከመ እናት በየማለዳው ውኃ የሚሻ ተክል ቢመጣላቸው፥ ያ ስጦታ ሸክም ይሆንባቸዋል፤ የደረቀ እንደ ሆነም «ልጄ ያመጣልኝ በእጄ ሞተ» እያሉ ይቈጫሉ። እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው የአበባውን ድምቀት ሳይሆን ተክሉ የሚኖርበትን ቤትና የሚንከባከበውን ሰው ነው። በዋዜማው ዕለት ተጣድፎ ከሁሉ ይልቅ የደመቀውን አንሥቶ መሄድ የብዙ ተክል ሞት ምክንያት ነው።

ስለ ቤቱ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ብርሃን ነው። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በከተማ ከሚከራዩት ክፍሎች ብዙዎቹ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ አላቸው፤ ያችንም መስኮት የጎረቤት ግንብ ይጋርዳታል። ለጥየቃ በተሄደበት ቀን፥ እኩለ ቀን ላይ፥ እጅን ከነጭ ወረቀት በላይ ዘርግቶ ጥላውን መመልከት ይበቃል። የጣቶቹ ጥላ አንድ በአንድ ተለይቶ የታየ እንደ ሆነ ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ጥላ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ምንም ጥላ ከሌለ ግን ለዚያ ቤት ተክሉን ትቶ ስኳርና ቡና መውሰድ ይሻላል።

ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ወይም መስኮት ላላቸው አረጋውያን ከጤና አዳም የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም። ስሙ ራሱ ምርቃት ነው፤ መዓዛው ከቡናው ስኒ ጋር የተዋሐደ ነው፤ ውኃም ብዙ አይሻም። ቅጠሉን የሚቀነጥቡ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳን ነክቶ በላዩ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳውን እንደ ቃጠሎ ያቈስላል። ስለዚህ ብዙ ቅጠል የቈረጠ ሰው እጁን ይታጠብ። ነፍሰ ጡርም ለስኒ ከሚደረገው ጥቂት ቅርንጫፍ አልፋ ለመድኃኒት ብላ በብዛት ልትጠጣው አይገባም። ከእርሱ ቀጥሎ ጠጅ ሳር ይመጣል። አንዱ ጉንጉን በሁለትና በሦስት ተከፍሎ እንደ ገና ስለሚተከል፥ ለአንዲት እናት የተሰጠው ጠጅ ሳር በሚመጣው ዓመት ለጎረቤቶቿ ሁሉ ይተርፋል። በሶብላም መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ ሰጪው ይህን አስቀድሞ ቢናገር ተቀባዩ «ገደልሁት» ብሎ አይጨነቅም። እነዚህን መዓዛማ ዕፅዋት የሚመረምር የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማእከል ለከተማችን ሩቅ አይደለም።

ፀሐይ ለማያርፍበት፥ ብርሃን ግን ላለው ክፍል መልሱን የሲዳማ ምድር ራሷ ትሰጣለች፤ ይኸውም የቡና ችግኝ ነው። ቡና በተፈጥሮው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ስለ ሆነ፥ መካከለኛ ብርሃንን ይወዳል። በአውሮፓ ከተሞች ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ለሳሎን ጌጥ ይገዙታል፤ እኛ ግን በደጃችን ስለ ሆነ እንንቀዋለን። ቅጠሉ ወፍራም፥ አረንጓዴውም የሚያንጸባርቅ ነው፤ ውኃ ባጣ ጊዜ ቅጠሉን ዘለስ አድርጎ ይናገራል፤ በጊዜው ያጠጡት እንደ ሆነም ቀና ይላል። በመልካም የተያዘ ችግኝ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ነጭ አበባውን ያወጣ ይሆናል። ከቤት ውስጥ ቡና የጀበና ምርት መጠበቅ ግን ከንቱ ነው። ለአዲስ ሙሽሮች ይህን ስጦታ እመርጣለሁ።

ሌላው ለጥላ የሚስማማው በብዙ ግቢ የሚታየው፥ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረጅም የሆነው፥ በእጽዋት ሊቃውንት ዘንድ ድራሴና የሚባለው ወገን ነው። በሀገራችን ከሚበቅሉት ከነዚህ አንዱን ሕዝቡ ዕፀ ጳጦስ ይለዋል። ስሙ ሙሴ በእሳት ሲነድ ሳይቃጠል ያየው፥ ቤተ ክርስቲያናችንም በእመቤታችን የምትመስለው ያ ዕፅ ስም ነው። በሲና የነበረው ይህ ራሱ ነው ማለት አይደለም፤ ሕዝቡ በፍቅር ያወጣለት ስም ነው። ስለዚህ ተክል ለስምጥ ሸለቆ ሰው መነገር ያለበት አንድ ቁም ነገር አለ። በዚህ ሸለቆ ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ የሚሆነው በከርሰ ምድሩ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛ ነው። ድራሴናም ይህን ንጥረ ነገር አይወድም፤ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጣ የቅጠሉ ጫፍ እየነደደ ይደርቃል። ባለቤቱም የተጠማ መስሎት ያንኑ ውኃ ይጨምርበታል! መፍትሔው ከጣራ የወረደ የዝናብ ውኃ በጀሪካን አጠራቅሞ ለእርሱ ማቈየት ነው።

ሕፃናት ወዳሉበት ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይጠንቀቅ። ነጭና አረንጓዴ ዝንጕርጕር ሰፊ ቅጠል ያለው ዲፈንባኪያ በሳሎን ጥግ ቆሞ ሲታይ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ፥ ያኘከው ልጅ አፉ ይቃጠላል፤ ምላሱም አብጦ መናገርና መዋጥ ያስቸግረዋል። እንዲህ ያለውን ተክል ገና የሚድህ ልጅ ላለበት ቤት መስጠት አይገባም። ሻጩ ይህን ላይነግር ይችላል፤ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው። በውኃ ላይ ተንሳፎ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣውን እንቦጭንም በሳህን አስቀምጦ ለጌጥ የሚሰጥ ቢኖር ይከልከል። ይህ ተክል በዓለም የተስፋፋው አበባውን በወደዱ ሰዎች እጅ ነው። በሀገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቆቃና በአዋሽ፥ በ2011 ደግሞ በጣና መታየቱ ተመዝግቧል፤ በጣና ላይ ያደረሰውንም ሁላችን ሰምተናል። ሐይቅ ባለበት ከተማ ይህን በቤት ማሳደግ ጨዋታ አይደለም።

ለልደት በዓል ብዙ ሰው የሚፈልገው አንዳንዶች የገና አበባ የሚሉትን፥ በታኅሣሥ ወር በየአጥሩ ላይ የሚቀላውን ፖይንሴቲያን ነው። ትውልዱ ከሜክሲኮ ነው፤ ቀይ ሆኖ የሚታየውም አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከል ያለችው ትንሿ ቢጫ ናት። ቅጠሉ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉ አምፖል በሚበራበት ክፍል ወይም በመንገድ መብራት አጠገብ የቆመ እንደ ሆነ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ሰዎችም ዘሩ ክፉ ነው ይላሉ። ሲቈረጥ የሚወርደው ነጭ ወተት ቆዳንና ዓይንን ያሳክካል፤ የሚነገርለትን ያህል ገዳይ ግን አይደለም።

ይህንና ብዙዎቹን ሌሎች ተክሎች ከሱቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። በዘመነ ጽጌ፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፥ ከጤነኛ ተክል አንድ ስንዝር ቁራጭ ወስዶ በእርጥብ አፈር የተከለ ሰው ለልደት ቀን ሥር የያዘ ስጦታ ይኖረዋል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 29 ያሉት 93 ቀናት ለዚህ ይበቃሉ። በከተማችን ዙሪያ የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላልና ነጣ ያለ ድንጋይ ተፈጭቶ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ ውኃ እንዳይቋጥር ያደርጋል። ዕቃው የዘይት ጣሳም ቢሆን ከሥሩ ካልተበሳ ተክሉ ይበሰብሳል። ከቤት ተክል የሚበዛው የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነውና፥ ተቀባዩ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ አስገብቶ ደረቅ ሲያገኘው ብቻ እንዲያጠጣ ይነገረው። ለተማሪዎቼ የማስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ቤታቸው ገብተው ለእናቶቻቸው እንደሚነግሩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ጥድም ጥቂት ልጨምር። ለገና ጌጥ ብሎ የጥድን ጫፍ መቍረጥ በየከተማው ይታያል፤ የተቈረጠውም በሳምንቱ ደርቆ ወደ ጉድፍ ይጣላል። ጥድ ግን የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅጽር ከብቦ የኖረ፥ ለማደግም ረጅም ዘመን የሚፈልግ የሀገራችን ዛፍ ነው። በጣሳ ያለ የጥድ ችግኝ ገዝቶ ለክርስትና ልጅ መስጠት ይቻላል። በክፍል ውስጥ ከሳምንት በላይ መቈየት የለበትም፤ ፀሐይና ነፋስ ይሻልና። በዓሉ ሲያልፍ በረንዳ ላይ አውጥቶ እስከ ክረምት ማጠጣት፥ ሰኔ ሲገባም ልጁን ይዞ ሄዶ ከአጥቢያው አለቃ ፈቃድ በመጠየቅ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መትከል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ ካላገኘ አይጸድቅምና፥ ለቅዳሴ በሚሄዱበት ቀን አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ይሂዱ።