በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ገጠሮች አውቶቡስ የሚቀነስበት ምክንያትና በገበያ ላይ ያለው ውጤት

አንድ ባለሱቅ ገበያው የቀዘቀዘበትን ምክንያት ሲመረምር አስቀድሞ የሚመለከተው ወደ ዕቃው ዋጋ፣ ወደ ተወዳዳሪው መደብር፣ ወይም ወደ ዘመኑ ክፋት ነው። ደንበኛውን እስከ ደጁ ያደርስለት የነበረው አውቶቡስ በየሰዓቱ መምጣቱን ትቶ በየሁለት ሰዓቱ መምጣት መጀመሩን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ይህ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ሕዝቡ ተበታትኖ በሚኖርበት የገጠር አገር፣ ከዚያም ይልቅ በባሕር ጠረፍ በሚገኝ የገጠር አገር ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በእንግሊዝ አገር በምሥራቅ በኩል ያለው የኖርፎክ አውራጃ ሰሜናዊ ጠረፍ ስለ ሆነ፣ ከእንግሊዝ ጋር የሚነግድም ሆነ በማናቸውም ስፍራ በአውቶቡስ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው የዚህን መሥመር ነገር ቢያውቅ ይጠቀማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ጠረፍ በምዕራብ ጫፍ ኪንግስ ሊን የሚባለው ጥንታዊ የወደብ ከተማ ይገኛል። ከእርሱ ወደ ሰሜን ሀንስታንተን፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዌልዝ፣ ሼሪንጋምና ክሮመር የተባሉት ትንንሽ ከተሞች በአንድ ጠባብ የጠረፍ መንገድ ተራ በተራ ተቀምጠዋል። ክሮመር በሸርጣን የታወቀች ናት፤ ሁሉም ግን የገቢያቸውን ብዙ ክፍል የሚያገኙት በበጋ ባሕር ሊያይ ከሚመጣው እንግዳ ነው። ቀድሞ ሁሉም ባቡር ነበራቸው። በ1960ዎቹ በመላው ብሪታንያ ብዙ የባቡር ሐዲድ በተዘጋ ጊዜ ዌልዝ በ1964፣ ሀንስታንተንም በ1969 የመንገደኛ ባቡራቸውን አጡ። ወደ ኖሪች ከተማ የሚወስደው ባቡር የተረፈላቸው ሼሪንጋምና ክሮመር ብቻ ናቸው።

የቀረውን የመንገደኛ ሥራ አውቶቡስ ተሸከመው። በዚያን ጊዜ በ1930 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ኩባንያ የመሥመር ፈቃድ ካገኘ ሌላ ተወዳዳሪ በቀላሉ አይገባበትም ነበርና፣ ኩባንያው ከከተማው መሥመር ባተረፈው ገንዘብ የገጠሩን ጉድለት ይሞላበት ነበር። ሕዝቡ የግል መኪና እየገዛ ሲሄድ ይህ አሠራር እየደከመ ስለ መጣ፣ የ1968ቱ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለገጠር አውቶቡስ የገንዘብ ርዳታ እንዲሰጡ ፈቀደ። ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ግን የ1985ቱ የትራንስፖርት ሕግ ነው። ከኦክቶበር 26 ቀን 1986 ጀምሮ፣ ከለንደን ከተማ በስተቀር፣ ፈቃድ ያለው ማናቸውም ኩባንያ በፈለገው መሥመር፣ በፈለገው ሰዓትና በፈለገው ዋጋ አውቶቡስ ማሠማራት ተፈቀደለት፤ የማይፈልገውንም መሥመር አስቀድሞ አስታውቆ መተው ይችላል።

በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ መሥመር ብቻውን በሚዛን የሚቀመጥ ሆነ። ትርፍ የሚያስገኘው የንግድ መሥመር ይባላል። ትርፍ የማያስገኘው ግን የአውራጃው ምክር ቤት ለሕዝቡ አስፈላጊ ነው ብሎ ከወሰነ በጨረታ ለአንድ ኩባንያ ይሰጥና ጉድለቱን ምክር ቤቱ ይከፍላል። ሆኖም ለዚህ የሚመደበው ገንዘብ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ሕጉ አያዝም። ዕድሜው ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ተማሪ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከቤቱ ከሦስት ማይል በላይ የራቀ እንደ ሆነ ምክር ቤቱ በነጻ ሊያመላልሰው ሕግ ያስገድደዋል፤ የሽማግሌዎችን የሕክምና ክብካቤም እንዲሁ ችላ ሊል አይችልም። እንግዲህ በጀት ሲጠብ መቀስ የሚያርፈው ግዴታ በሌለበት ወጪ ላይ ነው፤ የማታውና የእሑዱ አውቶቡስም በመጀመሪያ የሚቆረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጠረፍ መሥመር ከሌላው የገጠር መሥመር የሚከፋበት ግልጽ ምክንያት አለ። በመካከል አገር የሚሄድ አውቶቡስ ከግራም ከቀኝም ካሉት መንደሮች ተሳፋሪ ይሰበስባል፤ በጠረፍ የሚሄደው ግን በአንድ በኩል ያለው ባሕር ነውና ግማሽ ገበያው ከመነሻውም የለም። በዚህ ላይ የወራቱ ልዩነት ይጨመራል። በሐምሌና በነሐሴ ሰው ቆሞ የሚሄድበት አውቶቡስ በጥር ጥቂት ጡረተኞችን ይዞ ይመላለሳል። አውቶቡሱ የተገዛው ግን ለዓመቱ ሁሉ ነው፤ ሾፌሩም ደመወዙን በጥርም ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ብዙው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተሳፋሪ ካልሞላ ከመናኸሪያ ስለማይወጣ ባዶ ወንበር የሚያስከትለውን ኪሳራ ተሳፋሪው በመጠበቅ ይከፍለዋል። በእንግሊዝ አገር ሰዓቱ አስቀድሞ ታውቆ ተመዝግቧልና ሾፌሩ አንድ ሰው እንኳ ባይሳፈር ሰዓቱ ሲደርስ መነሣት አለበት፤ ኪሳራውም የኩባንያው ነው።

ከሁሉ በላይ ሊስተዋል የሚገባው የሂሳቡ አካሄድ ነው፤ ግማሽ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለምና። ለምሳሌ ያህል ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መሥመር ቢኖር፣ በየሰዓቱ አንድ ጉዞ ለመስጠት ሁለት አውቶቡሶች ይበቃሉ። ከተሳፋሪው ከዐሥሩ አንዱ ቢቀርና ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ቢፈልግ፣ ከወጪው ዐሥረኛውን ብቻ ሊቀንስ አይችልም፤ ሊያነሣ የሚችለው አንዱን አውቶቡስ ከነሾፌሩ ነው። ይህን ባደረገ ጊዜ አገልግሎቱ በግማሽ ወርዶ በየሁለት ሰዓቱ ይሆናል። ሁለት ሰዓት መጠበቅ የማይሆንለት ተሳፋሪ ደግሞ የጎረቤቱን መኪና ይለምናል፣ ወይም አሮጌም ቢሆን መኪና ይገዛል፤ መኪና የገዛ ሰው ወደ አውቶቡስ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሂሳቡ ሲታይ የተሳፋሪው ቁጥር እንደገና ዝቅ ብሎ ይገኛል።

መዘግየትም እንደዚሁ በደረጃ የሚያስከፍል ነገር ነው። የበጋው እንግዳ ጠባቡን የጠረፍ መንገድ በመኪናው ሲያጨናንቀው ያው ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ቢሆን፣ ስለዚህች ዐሥር ደቂቃ ሲባል ሦስተኛ አውቶቡስ ማሰለፍ ያስፈልጋል። ወጪውን የማይፈልግ ኩባንያ ሁለት መንገድ ብቻ አለው። አንደኛው በየ65 ደቂቃው መነሣት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰዓት በቃሉ የሚይዝ ተሳፋሪ የለም። ሁለተኛው ከዋናው መንገድ ገባ ያለችውን አንዲት መንደር መዝለል ነው፤ ይህም በሠሌዳው ላይ አንድ መሥመር ከመሰረዝ የማይበልጥ ሥራ ሲሆን፣ በዚያች መንደር የሚኖረውን ባለሱቅ ግን ከዓለም ይለየዋል።

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ጋራዥ ያለበት ስፍራ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነገሩን ይወስነዋል። የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ ከጋራዡ እስከ መነሻው ከተማ ባዶውን ስለሚሄድ፣ ለዚያ መንገድ ነዳጁንና የሾፌሩን ሰዓት የሚከፍል ማንም የለም። ሾፌሩም ቢሆን አምስት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ማረፍ በሕግ የተወሰነ ነውና፣ የት እንደሚያርፍና ማን እንደሚተካው አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በኖርፎክ የሆነው ይህን ያስረዳል። ኮስትሆፐር በሚል ስም የታወቀውን የጠረፍ መሥመር ያካሂድ የነበረውን ኖርፎክ ግሪን የተባለውን የአካባቢ ኩባንያ በ2013 ስቴጅኮች የተባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛው። ስቴጅኮችም በ2018 በኪንግስ ሊን ያለውን ጋራዥ ዘግቶ ከዚያ አካባቢ ወጣ። መሥመሩ ግን አልሞተም፤ ዌልዝ ላይ ለሁለት ተቆረጠ። የምዕራቡን ክፍል በኪንግስ ሊን ጋራዥ ያለው ሊንክስ፣ የምሥራቁን ክፍል ደግሞ በሆልት ከተማ ጋራዥ ያለው ሳንደርስ ያዙት። እያንዳንዱ ከደጁ የሚቀርበውን ወሰደ ማለት ነው። ለሁለቱ ኩባንያዎች ይህ አከፋፈል የተገባ ሲሆን፣ ከምዕራብ ተነሥቶ እስከ ክሮመር የሚሄደው መንገደኛ ግን ዌልዝ ላይ ወርዶ ሌላ አውቶቡስ መሳፈር ግድ ሆነበት።

ከተሳፋሪው ብዙው ደግሞ የሚሄደው ያለ ክፍያ ነው። ከአፕሪል 1 ቀን 2008 ጀምሮ ዕድሜያቸው የደረሰና አካለ ስንኩል የሆኑ ሰዎች በሥራ ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ በቅዳሜና በእሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ በመላው እንግሊዝ በነጻ ይሳፈራሉ። ለኩባንያው የሚከፍለው ምክር ቤቱ ሲሆን፣ ሂሳቡ የሚሠራው ኩባንያው በካርዱ ምክንያት እንዳይጠቀምም እንዳይጎዳም ተብሎ ስለ ሆነ ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው ገንዘብ ከሙሉው የቲኬት ዋጋ ያነሰ ነው። የባሕር ጠረፍ ከተሞች ጡረተኞች የሚሰፍሩባቸው በመሆናቸው አውቶቡሱ ሞልቶ ሳለ ሣጥኑ ግን ቀላል ሊሆን ይችላል። በ2020 በገባው የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከቤት መውጣት የተዉት አረጋውያን ሁሉ ተመልሰው አለመሳፈራቸውም ይህን ሂሳብ የባሰ አድርጎታል።

መንግሥት ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የአንድ ጉዞ ዋጋ በሥርዓቱ ውስጥ ለገቡት ኩባንያዎች ተሳፋሪ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወስኖ ልዩነቱን ለኩባንያዎቹ ከፈለ፤ በጃንዋሪ 2025 ወሰኑ 3 ፓውንድ ሆነ። ዋጋው በርቀት ሲሰላ ይኖር የነበረው የገጠር መንገደኛ በዚህ ከከተሜው ይበልጥ ተጠቅሟል። ዋጋ መቀነስ ግን የተነሣውን አውቶቡስ አይመልስም፤ በማይመጣ አውቶቡስ ርካሽ ቲኬት ማንም አይጓዝም።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። በአውቶቡስ የሚመጣ ደንበኛ የሚገዛው በእጁ ሊሸከም የሚችለውን ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ገዝቶ ቶሎ ይመለሳል፤ መኪና ያለው ግን በሳምንት አንድ ቀን ከከተማ ውጭ ወዳለው ትልቅ መደብር ሄዶ የሳምንቱን ጭኖ ይመለሳል፤ ትንሹን ሱቅ በመስኮት አይቶት ያልፋል። ከዚህም በላይ የአውቶቡስ ደንበኛ የመመለሻ ሰዓቱን እስኪጠብቅ በከተማው ውስጥ የሚቆይ ሰው ነው። ሻይ ይጠጣል፣ ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ሊገዛ ያላሰበውንም ይገዛል። የመመለሻው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሆነ ለባለሱቁ መልካም ነው፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ከሆነ ደንበኛው እየሮጠ ይመለሳል፤ አራት ሰዓት ከሆነ ከነጭራሹ አይመጣም። የአውቶቡሱ ብዛት ሳይቀነስ ሰዓቱ ብቻ ቢዛወር እንኳ ገበያ ይሞታል። ፌክናም በተባለችው የኖርፎክ ከተማ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አውቶቡስ ለሚያገኝ መንደር ያ አንድ ጊዜ ሐሙስ መሆኑና ማክሰኞ መሆኑ እጅግ የተለያየ ነገር ነው።

ሌላው ጉዳት በሠራተኛ በኩል የሚመጣ ነው። በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠራው ወጣት የሚወጣው በማታ ሲሆን፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ከቀኑ 12 ሰዓት በፊት የሚያልፍ ከሆነ ባለሆቴሉ መኪና ያለውን ሠራተኛ ብቻ ለመቅጠር፣ ወይም ማደሪያ ለመስጠት ይገደዳል። በጠረፉ ላይ ብዙው ቤት የበጋ እንግዶች ንብረት በሆነበት ስፍራ ማደሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በበጋው ጫፍ፣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ አስተናጋጅ ጠፍቶ የሚዘጋ ገበታ ይኖራል።

በእንደዚህ ያለ ስፍራ ሱቅ ሊከራይ ወይም ዕቃ በዱቤ ሊያስረክብ የሚፈልግ ሰው የሰዓት ሠሌዳውን በጥንቃቄ ማንበብ አለበት። በግርጌው በትንሽ ፊደል የሚጻፈው፣ ይኸውም በትምህርት ቀን ብቻ ወይም በበጋ ብቻ የሚለው ማስታወሻ፣ ከላይ ከተጻፈው ሰዓት ይበልጥ ይናገራል። ቀጥሎም መሥመሩ የንግድ ነው ወይስ ምክር ቤቱ የሚደጉመው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚደጎም ከሆነ ውሉ የሚያበቃበት ቀን አለውና ያን ቀን ማወቅ፣ የኪራዩንም ውል ከዚያ ጋር ማመዛዘን ብልህነት ነው። የንግድ መሥመር ከሆነ በእንግሊዝ አንድ ኩባንያ ጉዞ ለመለወጥ ወይም ለመተው ሲፈልግ በመጀመሪያ ለአካባቢው ምክር ቤት 28 ቀን፣ ቀጥሎም ለትራፊክ ኮሚሽነሩ 42 ቀን አስቀድሞ ያስታውቃል። ሰባው ቀን ለመንገደኛ ረጅም ቢመስልም፣ ምክር ቤቱ አዲስ ጨረታ አውጥቶ ሌላ ኩባንያ ለማግኘት የሚበቃው በጭንቅ ነው። በኦክቶበር 2025 የጸደቀው የአውቶቡስ ሕግ ምክር ቤቶች ለሕዝብ አስፈላጊ የሆኑትን መሥመሮች ለይተው እንዲመዘግቡና ከመሰረዛቸው በፊት የሚፈጸመውን ሥርዓት እንዲወስኑ ያዛል። በዚህ መዝገብ ላይ ለመግባት የሚረዳው ማስረጃ ደግሞ በባለሱቆች እጅ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም በየትኛው ሰዓት ስንት ደንበኛ በአውቶቡስ እንደ መጣ፣ ስንት ሠራተኛም በአውቶቡስ እንደ ተመለሰ የሚያሳይ ተራ የዕለት ማስታወሻ ነው። ለትራፊክ ኮሚሽነሩ የቀረበው የመሥመር ለውጥ በጽሕፈት ቤቱ በየጊዜው ታትሞ ስለሚወጣ፣ በፌርማታው ላይ ወረቀት እስኪለጠፍ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኖርፎክ የሚገኘው በምሥራቅ እንግሊዝ ክፍል ዝርዝር ውስጥ ነው።