ጭምት ተማሪ ሙያውን በምን ያውቃል?

ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች፣ የአያት ጦር ኃይሎችና የምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ እዚህ ጋ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሦስት ዝምተኛ ተማሪዎች ባቡር እየጠበቁ ነው እንበል። አንዱ «ሁለቱ እንዳይጋጩ ማን ነው የሚቆጣጠረው?» እያለ ያስባል። ሌላው 750 ቮልት የተሸከመውን ሽቦ ያያል። ሦስተኛዋ ደግሞ ልጅ አዝላ ደረጃ የምትወጣውን እናት። ሦስቱም ዝም ብለዋል፤ ዝንባሌያቸው ግን ለየቅል ነው።

ዲፓርትመንት መምረጫ ሲደርስ ይህ ልዩነት ይረሳል። «አንተ ዝምተኛ ነህ፣ ኮምፒውተር ይሻልሃል፤ ሕግ ይቅርብህ» ይባላል። በአንድ ፎርም የዓመታት ሕይወት ይወሰናል። ስህተቱ ሁለት መለኪያዎችን መደባለቅ ነው።

አንደኛው ጠባይ ነው። ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «ኢንትሮቨርት» ያለው ትኩረቱ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለውን ሰው ነው። ይህ ዓይን አፋርነት አይደለም። ዓይን አፋር የሰውን ፍርድ ይፈራል፤ ጭምት ግን ብዙ ግርግር ያደክመዋል እንጂ የግድ አይፈራም።

ሁለተኛው ዝንባሌ ነው። አሜሪካዊው ጆን ሆላንድ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ ዝንባሌን በስድስት ይከፍላል፦ በእጅ መሥራት፣ መመራመር፣ ጥበብ፣ ሰውን መርዳት፣ መምራትና መነገድ፣ መረጃን በሥርዓት መያዝ። ጥያቄው «ስንት ታወራለህ?» ሳይሆን «ምን መሥራት ደስ ይልሃል?» ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ትንሽ ቢዛመዱም አንዱ ሌላውን አይተካም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ብራያን ሊትል እንደሚለው ጭምት ሰው ለሚወደው ጉዳይ ሲል መድረክ ላይ ወጥቶ በደንብ ሊናገር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብቻው የሚያርፍበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ታዲያ እንዴት እንለየው? እኛ መሐንዲሶች ብልሽት ስንፈልግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንቀይረው። እናንተም ሞክሩት። ማስጠናት ደክሟችሁ ከሆነ፣ ያደከማችሁ ማስረዳቱ ነው ወይስ የተማሪው ብዛት? አንድ ተማሪ ብቻ ይዛችሁ ድገሙት። ደስ ካላችሁ ችግሩ ሙያው አልነበረም። አሁንም ከሰለቻችሁ፣ ምናልባት ሥራው ራሱ አይስማማችሁም።

የሙያ ወሬ በካፌና በዶርም ጨዋታ ስለሚዘዋወር ጭምት ተማሪ ብዙ ያመልጠዋል። ስለዚህ አንድ ሲኒየር ለብቻው አግኙና «ተራ ቀንህ ምን ይመስላል?» በሉት። በኢንተርንሺፕ ጊዜም ማታ ማታ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ዛሬ ሰዓቱን ያስረሳኝ ምንድን ነው? ያደከመኝስ? ከወር በኋላ ደጋግሞ የመጣውን ፈልጉ። ፎርሙን ስትሞሉ ከሰው አስተያየት በፊት እሱን አንብቡ።