በሩዝ ማሳ ውሃ ላይ ወዳጅን ከጠላት ስለ መለየት

በወረታ ገበያ ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ የፍሬውን ንጣትና የስብራቱን መጠን ይመለከታል እንጂ ፍሬው የበቀለበትን ውሃ የሚመረምር ጥቂት ነው። ነገር ግን ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ በሚያለብሱበት ጊዜ፣ በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በአካባቢው ቀበሌዎች በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጠላቱን ሁሉም ያውቀዋል። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ከታወቀ ወዲህ የስንቱን ገበሬ ጉልበት እንደ ፈጀ መናገር አያሻም። ስለዚህም ገበሬው «የተንሳፈፈ ሁሉ ይነቀል» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም አዞላ የተባለችው ትንሽ ተክል በዚሁ ፍርድ አብራ ብትጠፋ፣ ኪሳራው የሚቆጠረው በማዳበሪያ ሂሳብ ነው።

አዞላ ከፈርን ወገን ስለሆነች አበባ የላትም። አንዲቱ ተክል ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አትበልጥም፤ ቅጠሎቿም የጤፍ ፍሬ የሚያህሉና እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ናቸው፤ ከበታቿም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ይንጠለጠላሉ። ፀሐይ ወይም ብርድ ሲበረታባት፣ ፎስፎረስም ሲያጥራት ወደ ቀይነት ትለወጣለች፤ ይህም ከሩቅ ለመለየት ይረዳል። እምቦጭ ግን ሰፊና የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ ያበጠ አገዳና ወይን ጠጅ መሳይ አበባ አለው። ይልቁንም የሚያሳስተው ሌምና የሚባለው ተክል ነው፤ እርሱ ግን ምስር የመሰለ ለስላሳ ቅጠል እንጂ የተደራረበ ቅርፊት የለውም።

የአዞላ ጥቅም በቅጠሏ ውስጥ ነው። በዚያ ባለው ጥቃቅን ክፍተት አናቤና የሚባል ሕዋስ ይኖራል፤ ይህም ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክሏ ይመግባታል። ዩሪያ የሚሰጠውም ይህንኑ ናይትሮጅን ነው፤ እርሱ ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጂቡቲ ወደብ በኩል ይመጣል። የቻይናና የቬትናም ገበሬዎች አዞላን በሩዝ ማሳቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠቀሙባት ኖረዋል። የአማራ ክልል የግብርና ተመራማሪዎችም በፎገራ ማሳ ሞክረው የሩዝ ምርት እንደምትጨምር አረጋግጠዋል።

ለነጋዴ ግን ጭኖ የሚሸጣት ዕቃ አይደለችም፤ ከክብደቷ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ውሃ ነውና ኪራዩ ትርፉን ይበላል። የምትበቅለውና የምትቀበረው እዚያው ማሳ ላይ ነው። የምትወደውም የረጋ፣ ጥልቀት የሌለውና ፎስፎረስ ያለበት ውሃ ነው። ማሳው ከደረቀ ትሞታለች። በኩሬ ላይ ካለ ልክ ከተባዛችም ውሃውን ሸፍና ዓሣውን አየር ታሳጣዋለች፤ ስለዚህ ከማሳ ውጭ መልቀቅ አይገባም።

ከማሳ ወደ ማሳ የሚያዛውራት ሰው አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ ባለበት ገበታ ላይ ዘርግቶ ይመልከት፤ ከመካከሏ ያበጠ አገዳ ያለው ቡቃያ ቢያገኝ ያንን ለቅሞ ያቃጥል፣ የታጠበበትንም ውሃ ወደ ቦይ አይድፋ።